ዘግይቶ የሚገኝ ትምህርት፦ ከአማተር ፎቶግራፍ አንሺዎች ታሪክ

«አማተር» የተባለው ቃል በአገራችን የኪነት መድረክ ላይ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ጀማሪ፣ ያልበሰለ፣ ገና ሥልጠና የሚሻ ለማለት ነው። የቃሉ ሥር ግን ሌላ ትርጉም አለው። ከላቲኑ «የሚወድ» ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ ሲል አንድን ሥራ የያዘ ሰው ማለት ነው። ከኪነ ጥበባት ሁሉ ደግሞ እንደ ፎቶግራፍ የአማተሮች ዕዳ ያለበት የለም። ሥዕልን ቤተ መንግሥትና ቤተ እምነት አሳድገውታል፤ ሙዚቃም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ሆኖ ኖሯል። ፎቶግራፍን ከሕፃንነቱ ተሸክመው ያሳደጉት ግን ሥዕል መንደፍ ያቃተው ባለ ርስት፣ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች እመቤት፣ የባንክ ጸሐፊ፣ ገበሬና የሰው ልጅ አሳዳጊ ሞግዚት ናቸው። እነዚህ ሰዎች መምህር ስላልነበራቸው የተማሩት በስሕተት ነው። ስሕተቱም ብዙ ጊዜ የታያቸው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዱ ለእነርሱ ሳይታያቸው ለእኛ ተረፈ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የመጀመሪያው ባለ ርስት ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነው። ሒሳብና ጥንታዊ ቋንቋዎች የሚያውቅ እንግሊዛዊ ነበር። በ1833 በጣሊያን አገር በኮሞ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ተራራውንና ውኃውን በእርሳስ ለመንደፍ ታገለ፤ እጁ እምቢ አለው። ብርሃን ራሱ የሚስልበት መንገድ ይኖር ይሆን ብሎ ማሰላሰል የጀመረው በዚህ እልህ ነው። በነሐሴ 1835 በሌኮክ አቢ በሚገኘው ቤቱ የአንዱን መስኮት ምስል የፖስታ ቴምብር በምታክል ወረቀት ላይ ያዘ። ዛሬ ዓለም ላይ ካሉት ኔጋቲቮች ሁሉ እጅግ ቀደምት ሆና የተጠበቀችው ይህች ናት። ከዚያ በኋላ ታልቦት ወደ ሌሎች ጥናቶቹ ዞረና ግኝቱን በመሳቢያ ዘግቶ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጠ። በጥር 1839 ፈረንሳዊው ዳጌር ሌላ ዘዴ ማግኘቱ በፓሪስ ሲታወጅ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው ተሯሩጦ ያለውን ሁሉ ለንደን ውስጥ አሳየ፤ ግን ቀድሞት የሄደውን ዝና ሊመልሰው አልቻለም። ሥራን እስኪጠራ ድረስ ደብቆ ማቆየት ትሕትና የሚመስል ወጥመድ መሆኑን ከታልቦት በላይ በውድ ዋጋ የተማረ አማተር ምናልባት አይገኝም።

ነገር ግን ታልቦት ያስተማረው ትልቁ ነገር ይህ አይደለም። በ1844 ማሳተም በጀመረው፣ በፎቶግራፍ በተጌጠው መጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር አስተዋለ። ካሜራ፣ አንሺው በዚያች ሰዓት ፈጽሞ ያላያቸውን ነገሮች ጭምር ይዞ ይመጣል፤ ሰውየው የሚያገኛቸው ምናልባት ከብዙ ጊዜ በኋላ ሥዕሉን ሲመረምር ነው። ለታልቦት ይህ የፎቶግራፍ ውበት ነበር። ለአማተሩ ግን ብዙ ጊዜ የኀዘን ምንጭ ነው። ከሙሽራዋ ራስ ላይ የበቀለ የሚመስለው የመብራት ምሰሶ፣ ከአባትየው ትከሻ ጀርባ የተሰጣው ልብስ፣ በጠርዙ ተቆርጦ የቀረው የሕፃን ግማሽ ፊት፣ እነዚህ ሁሉ ፎቶግራፉ በተነሣበት ሰዓት እዚያው ነበሩ። የሰው ዓይን የሚወደውን መርጦ ሌላውን ይረሳል፤ ሌንስ ግን ማንንም አይመርጥም፣ ማንንም አይረሳም። ልምድ ያለው አንሺ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ከፊቱ ኋላና በዙሪያው ያለውን ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን (በመቅደላ ታስሮ ከነበረው ከእንግሊዙ ቆንስል ጋር በስም መመሳሰሏ አንባቢን እንዳያሳስት) ካሜራ የጨበጠችው በ1863 መጨረሻ፣ በ48 ዓመቷ ነው። ሴት ልጇና አማቿ ለብቸኝነቷ መጫወቻ ይሆናት ዘንድ የሰጧት ስጦታ ነበር። በዋይት ደሴት በፍሬሽዎተር መንደር ባለው ግቢዋ የከሰል ቤቱን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ አደረገችው። በዚያ ዘመን የሚሠራበት የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ ትዕግሥትን የሚፈታተን ነበር። መስተዋቱ በኮሎዲዮን ይቀባል፤ በብር ናይትሬት ይነከራል፤ ሳይደርቅ ወደ ካሜራው ይገባል፤ ብርሃን ከተቀበለም በኋላ ያው እርጥብ እንዳለ መታጠብ አለበት። ተቀማጩ ደግሞ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ እንዲቆይ ይገደዳል። ካሜሮን የመጀመሪያ ሥዕሏን በገዛ እጇ አጠፋችው። በሰዓት ግማሽ ክራውን እየከፈለች ያስቀመጠችውን የመንደሩን ገበሬ አንሥታ፣ ምስሉ ባረፈበት እርጥብ ገጽ ላይ እጇን አሳረፈችና ጠራረገችው። ይህንን ሳታፍር ራሷ በ1874 ጽፋዋለች። ግን ብዙ ሳምንት አልቆየም፤ በጥር 1864 አኒ ፊልፖት የተባለችውን ትንሽ ልጅ አንሥታ ይህ የመጀመሪያው የተሳካ ሥራዬ ነው አለች።

የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር ሰዎች አልወደዷትም። ሥዕሎቿ ጥራት የላቸውም፣ የጣት አሻራና የኬሚካል ነጠብጣብ ይታይባቸዋል፣ ሌንሱን አስተካክሎ መያዝ አታውቅም እያሉ ጻፉባት። ከትችቱ ከፊሉ እውነት ነበር። እርሷ ግን ሌንሱን እያዞረች ስትሄድ ለዓይኗ ውብ ሆኖ የታያት ቦታ ላይ ታቆማለች እንጂ ሌሎቹ ግድ እስካሉት የጠራ ነጥብ ድረስ አትሄድም ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ደብዛዛ ፎቶግራፍ ሁሉ የካሜሮን ሥራ አይደለም፤ አብዛኛው ደብዛዛ ፎቶግራፍ የተንቀጠቀጠ እጅ ውጤት ነው። ካሜሮንን ካሜሮን ያደረጋት ድንግዝግዙ ሳይሆን ብርሃኑ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ ብርሃን፣ ሌላው በጨለማ የተጋረደ፣ ፊቱም መስተዋቱን ሞልቶ የሚታይበት አቀራረብ ነበራት። በ1867 የሥነ ፈለክ ሊቁን ሰር ጆን ሄርሸልን ስታነሣ ጠጉሩን እንዲታጠብ አድርጋ፣ ትከሻውን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ፣ ብርሃኑ ነጩን ጠጉርና የሽምግልናውን ፊት ብቻ እንዲነካ አደረገች። ሥዕሉን ያየ ሰው ስለ ሌንሷ ዓይነት አይጠይቅም። በዘመናችን አዲስ ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅመው ወጣት፣ ያለውን ካሜራ ይዞ አንድ ሰው በመስኮት ዳር አስቀምጦ ግማሽ ቀን ቢውል የሚያገኘውን ትርፍ የሚረዳው ብዙውን ጊዜ ሦስተኛውን ካሜራ ከገዛ በኋላ ነው።

የካሜሮን ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኘውም በዚሁ የዶሮ ቤት ውስጥ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የ7 ዓመት ልጃቸው ዓለማየሁ ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር በእንግሊዝ ጦር ተይዞ ወደ ባሕር ጠረፍ ጉዞ ጀመረ። እቴጌይቱ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁ በሐምሌ 1868 እንግሊዝ አገር ሲደርስ አብሮት የነበረው፣ አማርኛ የሚናገረውና በአገራችን «ባሻ ፈለቀ» እየተባለ የሚጠራው ካፒቴን ስፒዲ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን የተቀበለችበት የኦዝቦርን ቤተ መንግሥትና የካሜሮን መንደር በአንዲት ደሴት ላይ የሚገኙ ናቸው። በዚያው ወር ካሜሮን ዓለማየሁን ለብቻው፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ልብስ ከለበሰው ከስፒዲ ጋር አነሣች።

የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶቹ ክፍል የራሱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት፤ ተግባራቸው ካርታ ማባዛትና መንገዱን፣ ተራራውንና ሰፈሩን መመዝገብ ነበር። አማተሯ ካሜሮን ግን ያመጣችው ሌላ ነገር ነው። በሥዕሉ ላይ የልጁ ፊት ፈገግታ የለውም። እርግጥ ነው፤ ለደቂቃዎች መቀመጥን የሚጠይቅ ዘዴ ፈገግታን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ያ ጭምትነት ሁሉ የልጁ ኀዘን ነው ብሎ መደምደም የዋህነት ይሆናል። ነገር ግን አባቱን በሚያዝያ፣ እናቱን በግንቦት አጥቶ በሐምሌ በባዕድ አገር የዶሮ ቤት ውስጥ «አትነቃነቅ» የተባለ የ7 ዓመት ልጅ ምን ሊሰማው እንደሚችል ለማወቅ ሥዕሉ ብቻውን ሊያስተምረን አይገባም። አንሺዋ ውበትን ፈለገች፤ የሩቅ አገር ልዑልን ትርኢት አዘጋጀች። ታልቦት እንዳለው ግን መስተዋቱ እርሷ ያላሰበችውን ጭምር ይዞ ቀረ። ያነሡትን ሰው እንደ ዕቃ አስቀምጦ ማስጌጥና ሰውየውን ማየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አማተሮች ዛሬም የሚማሩት በእንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ቆመው ነው። ዓለማየሁ በኅዳር 1879፣ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ካሜሮንም በዚያው ዓመት መጀመሪያ በሴሎን ደሴት ሞታ ነበር። የልጁ አፅም ለአገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እንደማይቀበለው አስታውቋል። ሥዕሉ ግን በየሙዚየሙ አለ፤ ስሙም አልጠፋም። ካሜሮን ሥራዎቿን ለባለቤትነት መብት በመዝገብ ታስገባ፣ በእጇም ስምና ርእስ ትጽፍባቸው ስለነበር ማን መሆኑ፣ የማን ልጅ መሆኑና መቼ መነሣቱ ይታወቃል።

በዚህ ሥዕል ላይ በዓይን ብቻ የማይደረስበት አንድ ሌላ ነገር አለ። የኮሎዲዮን መስተዋት ለሰማያዊ ብርሃን ንቁ ሲሆን ለቀይና ለቢጫ ዕውር ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጠይም ሰው ፊት ከእውነተኛው መልኩ ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል። መሣሪያው አይዋሽም ይባላል እንጂ መሣሪያውም በልኩ የተሰፋለት ፊት አለው። ይህ ጉዳይ ከኮሎዲዮን ጋር አልተቀበረም። የቀለም ፊልም በመጣበት ዘመን በምዕራቡ ዓለም የነበሩ ማተሚያ ቤቶች የቀለማቸውን ትክክለኛነት የሚያመሳክሩት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል፣ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር። ጥቁር ሰውና ነጭ ሰው አጠገብ ለአጠገብ ሲነሡ የጥቁሩ ፊት ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በእኛ አገር ይህ ችግር ሌላ ተባባሪ አለው፤ እርሱም ነጠላው ነው። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። የጥምቀት በዓል ላይ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ፊቱ ሲቆም፣ ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድ መሳይ፣ ፊቱም ከሰል መሳይ ሆኖ ይወጣል። አማተሩ ፊልሙን ወይም ፎቶ ቤቱን ይወቅሳል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ወደ ፊቱ ቀርቦ በፊቱ ላይ ብቻ መለካት፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ በዚያው ልክ ማንሣት፤ ይህ ካልተቻለ መለኪያው ከሚለው አንድ እርከን ያህል ብርሃን መጨመር ነው። የቀትር ፀሐይ ከሆነ ደግሞ ሰውየውን ወደ በረንዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ጠርዝ ማስጠጋት ይበቃል። በአንድ ቀን የሚለመድ ነገር ነው፤ ሳይለመድ ስንት የሠርግና የክርስትና አልበም እንደጠቆረ መቁጠር ግን አይቻልም።

ሌላው የጋራ በሽታ ዐይን መጨፈን ነው፤ ይህም ታሪክ አለው። የባንክ ጸሐፊው ጆርጅ ኢስትማን በ1877 ለጉዞ ሲዘጋጅ የገዛው የፎቶግራፍ ዕቃ የጭነት ከብት የሚያሻው ሆኖ ስላገኘው መሣሪያውን ማቅለል የሕይወቱ ሥራ ሆነ። በ1888 ኮዳክ ብሎ የሰየመውን ካሜራ 100 ሥዕል የሚያነሣ ፊልም ሞልቶ በ25 ዶላር ሸጠ። ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው በሙሉ ወደ ፋብሪካ ይላካል፤ በ10 ዶላር ታጥቦ፣ ታትሞ፣ አዲስ ፊልም ተሞልቶለት ይመለሳል። በ1900 የወጣው ብራውኒ ደግሞ 1 ዶላር ብቻ ነበር። ፎቶግራፍ የሕዝብ ሆነ። ነገር ግን ፊልሙ ብዙ ብርሃን ይፈልግ ስለነበር ለገዢዎች የሚሰጠው ምክር ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ የሚል ሆነ። ምክሩ ለፊልሙ ጥሩ ነበር፤ ለሰዎቹ ግን አልነበረም። ሁለት ትውልድ ሙሉ ፀሐይ ፊት ቆሞ ዓይኑን አጨማዶ ተነሣ። ፊልሙ ከተሻሻለ ከብዙ ዓሥርተ ዓመታት በኋላ እንኳ ምክሩ እንደ ሕግ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ።

ፈረንሳዊው ዣክ ኦንሪ ላርቲግ ካሜራ የያዘው ገና ሕፃን ሳለ ነው፤ የቤተሰቡን ጨዋታ፣ መኪናና አውሮፕላን ሲያነሣ አደገ። በአንድ የመኪና እሽቅድምድም ላይ መኪናዋን እየተከተለ ካሜራውን ሲያዞር፣ የኋላ ጎማዋ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆና፣ ተመልካቾቹም ወደ ኋላ የተጋደሉ መስለው፣ መኪናዋ ራሷ በጠርዙ ተቆርጣ ወጣች። እንደ ዘመኑ ደንብ ይህ የተበላሸ ሥዕል ነው። ኔጋቲቩን ግን አልጣለም። በ1963 የኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ሲያሳይ ላርቲግ ወደ 70 ዓመት ተጠግቶ ነበር፤ ያቺ «ብልሹ» ሥዕልም የፍጥነት ምልክት ሆና በዓለም ታወቀች። የሚያስገርመው ማስታወሻ በመያዝ የታወቀው ላርቲግ እንኳ ቀኑን መሳቱ ነው። ሥዕሉ የ1912 ነው ሲባል ኖሮ በኋላ ተመራማሪዎች መኪናዋን መርምረው የ1913 መሆኑን ደረሱበት።

ከብቸኞቹ አማተሮች ወጣ ብሎ፣ በ1926 በጀርመን አገር «አርባይተር ኢሉስትሪርቴ ሳይቱንግ» የተባለው ሥዕላዊ ጋዜጣ ሠራተኞች የራሳቸውን ኑሮ በራሳቸው ካሜራ አንሥተው እንዲልኩ ጠራ። ከዚህ ጥሪ የሠራተኛ ፎቶግራፍ አንሺዎች ማኅበርና የራሱ መጽሔት ተወለዱ። በየከተማው የተቋቋሙት ቡድኖች ጨለማ ክፍል ይጋሩ፣ በመጽሔቱም ላይ የአባላት ሥዕሎች እየታተሙ ይተቹ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሠራተኛ፣ የማሽኑ ብልጭታ እንጂ የእጁ ድካም የማይታይበት ሥዕል በግልጽ ይነቀፋል። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ እንቅስቃሴው ተደመሰሰ። የእድሜው ማጠር ያስቆጫል፤ ምክንያቱም ብቻውን የሚሠራ አማተር በዓሥር ዓመት የማያየውን ጉድለት ሌላ ሰው በዓሥር ደቂቃ ያሳየዋልና። ቤተሰብ ለዚህ አይሆንም፤ ቤተሰብ ሁሉንም «ቆንጆ ነው» ይላል።

በአሜሪካ ቨርሞንት ጄሪኮ በምትባል መንደር የኖረው ገበሬ ዊልሰን ቤንትሊ ግን ብቻውን ሆኖም ጸንቷል። በጥር 1885 ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ የአንዲትን የበረዶ ቅንጣት ምስል ያዘ። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ በብርድ ክፍል ትንፋሹን እየገታ ከ5000 በላይ ቅንጣቶችን አነሣ። ለፎቶግራፍ የሚሆን ነገር ፍለጋ ሩቅ አገር አልሄደም፤ ከሰማይ ወደ ደጃፉ የሚወርደው በቃው። መጽሐፉ በ1931 ታተመ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሞተ።

በእኛም አገር በደስታ የተነሡ ሥዕሎች ታሪክ ሆነዋል። በ1879 ወደ ሸዋ የመጣው ስዊሳዊው መሐንዲስና የዐፄ ምኒልክ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ ፎቶግራፍ ሙያው አልነበረም፤ ስብስቡ ግን ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የብሔረሰቦች ሙዚየም ተጠብቆ ለዘመኑ አጥኚዎች ምንጭ ሆኗል። በ1905 የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ደግሞ በሙያነት የቤተ መንግሥቱ አንሺዎች ሆኑ። የዚያን ዘመን ሥዕሎች የሚያገላብጥ ሰው አንድ ጉድለት ያስተውላል። ባለ ካባው መኳንንት ብዙ ጊዜ በስም ይታወቃል፤ በቅሎውን የያዘው፣ ጋሻውን የተሸከመው፣ ከበስተኋላ እንስራ ያዘለችው ሴት ግን ስም የላቸውም። በዚያች ሰዓት ስማቸውን መጠየቅ ምንም ወጪ አልነበረውም፤ ዛሬ ግን በምንም ዋጋ አይገኝም።

በቺካጎ ከተማ የሰው ልጆችን እያሳደገች የኖረችው ሞግዚት ቪቪያን ማየር የመንገዱን ሰው ሁሉ አንሥታ ለማንም ሳታሳይ አረጀች። በ2007 ኪራዩ ያልተከፈለበት የዕቃ ማከማቻዋ በሐራጅ ሲሸጥ የተገኘው ሀብት፣ ኋላ ሲቆጠር ከ100,000 በላይ ኔጋቲቭ ሆነ፤ ያልታጠቡ ጥቅል ፊልሞችም ነበሩበት። በ2009 ስትሞት ዓለም ገና ስሟን አያውቅም ነበር። ከሞቷ በኋላ የትኛው ይታተም፣ በምን መጠን፣ በየትኛው አቆራረጥ የሚለውን የወሰኑት ሌሎች ሰዎች ናቸው። የራሷ ምርጫ ምን ይሆን እንደነበረ የሚነግር የለም።

በአገራችን የቀድሞ ሰዎች በዚህ ረገድ ጥሩ ልማድ ነበራቸው። ከፎቶ ቤት የወጣች ሥዕል በጀርባዋ የፎቶ ቤቱን ማኅተም ይዛ ትመጣለች፤ ባለቤቱም «ለማስታወሻ» ብሎ ጀምሮ ለማን እንደሰጣት፣ የት እንደተነሣ፣ ቀኑን እስከ ዓመተ ምሕረቱ በብዕር ይጽፍባታል። ዛሬ ስልኩ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል፤ የቆሙትን ሰዎች ስምና ዝምድና ግን አይመዘግብም፤ የወደቀ ወይም የተሰረቀ ስልክ ደግሞ የአራት ዓመት የልጅ ዕድገት ይዞ ይሄዳል። የወረቀቱም ዕጣ ከዚህ እጅግ የተሻለ አልሆነም። በብዙ ቤት የቆየውን አልበም የከፈተ ሰው፣ ጥቁሩ ገጽ ላይ አራቱ የወረቀት ማዕዘኖች እንደተለጠፉ፣ በመካከላቸው ግን ሥዕሉ በውሰት ወጥቶ እንዳልተመለሰ ያያል፤ ከሥሩም በቀጭን እርሳስ የተጻፈ ስም።